ጠዋት ጠዋት ቀሃ ላይ የሚተኛው ምንድን ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደር የሚደርሱን ደብዳቤዎች ዝናቡ ካባራ ወዲህ በአንድ ጉዳይ ላይ ተደጋግመዋል። አንዱ ጠዋት ጠዋት ሸለቆውን ስለሚሞላው ነገር፣ ሌላው ስለ ኅዳር ጭስ፣ ሦስተኛዋ ስለ ማድ ቤታቸው ጽፈዋል። ጉዳዩ የተያያዘ ስለሆነ የዛሬውን ዐምድ በሙሉ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ሰጥተነዋል፤ የጠያቂዎቹን ስም በልማዳችን መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ መኖሪያዬ ከጥምቀተ ባሕሩ ዝቅ ብሎ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ማለዳ በሬን ስከፍት ሸለቆው ውስጥ የተኛ ስስ መጋረጃ የመሰለ ነገር አያለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ወይም አራት ሰዓት ሲሆን ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ጎረቤቴ «ጉም ነው፤ የወንዝ ዳር ጠባይ ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ፒያሳ ያለች እኅቴ ቤት ሳድር ደግሞ አይሰማኝም። ጉም ነው ወይስ ጭስ?

መልስ፦ ጎረቤትዎም እርስዎም አልተሳሳታችሁም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸውና። ጉም የውኃ ጠብታ ነው፤ ነጭ ነው፤ ፊትን ያረጥባል፤ ሽታ የለውም። ጭስ ግን ወደ ሰማያዊነት ወይም ወደ ቡናማነት ያደላል፤ ጉሮሮን ያደርቃል፤ ጋቢ ላይ ሽታውን ጥሎ ይሄዳል። የጭስ ብናኝ ለጉም ጠብታ መነሻ ስለሚሆን ጭስ ባደረበት ሸለቆ ጉሙም የባሰ ይወፍራል። ጉሮሮዎን የሚከረክረው ግን ውኃው አይደለም።

እኅትዎ ቤት የማይሰማዎት ለምን እንደሆነ ለመረዳት የከተማዋን አቀማመጥ ማየት ይበቃል። ጎንደር የተቆረቆረችው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሸንተረር ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ያዋስኗታል፤ ውኃቸውም በመገጭ አድርጎ ወደ ጣና ይወርዳል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን እዚህ ሲያደርጉ ግንባቸውን ያነሡት በሸንተረሩ ራስ ላይ ነበር፤ ከተማዋ ግን ከዚያ ወዲህ እየሰፋች ግራና ቀኙን ተዳፋት ተከትላ እስከ ወንዞቹ ዳር ወርዳለች። (ነገሥታቱ ጭስ ሸሽተው ሸንተረሩን መረጡ ማለቴ አይደለም፤ ለትንፋሽም የተመቸው እሱ ሆኖ መገኘቱን ግን ልብ ይሏል።)

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሳይከለከል ወደ ላይ ይለቃል፤ ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ይይዘው ነበር። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከእሱ ጋር የተነካካው አየርም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከሞቃቱ ይከብዳልና እንደ ውኃ ተዳፋቱን ይዞ ቀስ እያለ ይወርድና ሸለቆው ወለል ላይ ይጠራቀማል። እንደተለመደው ቢሆን ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ ነበር የሚሄደው፤ በሺህ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። በእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ታች ቀዝቃዛ፣ ላይ ሞቅ ያለ ይሆናል። ከላይ ያለው ሞቃት ንብርብር ምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ ሸለቆውን ይከድነዋል። ከታች የተለቀቀ ጭስ ጥቂት ከፍ ይልና ክዳኑን ሲነካ ወደ ጎን ይንጣለላል እንጂ ወጥቶ አይሄድም።

በዚህ ላይ የከፋው ነገር የሰዓቱ መገጣጠም ነው። ክዳኑ የሚደፋው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ እሱም በየቤቱ ለእራት እሳት የሚነድበት ሰዓት ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ደግሞ ክዳኑ ገና ሳይነሣ ለቁርስ ይነደዳል፣ ባጃጁና ሚኒባሱ ይነሣል፣ ሱቅ ደጃፍ ተጠርጎ ጥራጊው ይለኮሳል። ፀሐይዋ ሸንተረሩን ተሻግራ የቀሃን ወለል እስክታሞቅ ጊዜ ይወስድባታል፤ ሸንተረሩ ላይ ያለው ፒያሳ ፀሐይ ሲሞቅ እናንተ ገና ጥላ ውስጥ ናችሁ። መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ከታች ወደ ላይ መላወስ ይጀምራል፤ ሦስት ተኩል ወይም አራት ሰዓት ላይ ጠፍቶ የሚያገኙት ክዳኑ ስለተነሣ ነው። ይህን በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው በታኅሣሥ ማለዳ ወደ ጎሃ ኮረብታ ወጥቶ ቁልቁል ቢመለከት የጭሱ አናት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ያየዋል፤ ያ መስመር ክዳኑ ነው።

ጉዳቱን በሚመለከት ዋነኛው ነገር የብናኙ ትንሽነት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ነው። የእንጨት ጭስ ብናኝ ግን አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን በታች ስለሆነ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ውስጥ እስከ መጨረሻዎቹ ጥቃቅን ከረጢቶች ይዘልቃል፤ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። ከሳልና ከአስም ባሻገር ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባሻሻለው መመሪያ የዚህ ብናኝ መጠን በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀድሞ የነበሩት ልኮች 10 እና 25 ነበሩ፤ ዝቅ የተደረጉት ጉዳቱ ቀድሞ ከታሰበው ባነሰ መጠንም እንደሚጀምር ስለታወቀ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የአየሩን ጠባይ መለወጥ አንችልም፤ የእሳታችንን ሰዓት ግን እንችላለን። በእኔ አስተያየት ለሸለቆ ከተማ ከዚህ የሚቀድም ምክር የለም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ የተነደደ እሳት ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል፤ ያው እሳት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ቢነድ ጭሱ ከሰፈሩ ጋር ያድራል። ስለዚህ ረጅም እሳት የሚጠይቀውን ሥራ፣ ማለትም እንጀራ መጋገሩን፣ የጠላ ቂጣውን፣ የበርበሬና የሽሮ ማመሱን ወደ ቀትር ማምጣት ይቻላል። መስኮትም እንዲሁ ሰዓት አለው፤ ማለዳ «ንጹሕ አየር ይግባ» ብሎ መክፈት በእናንተ ሰፈር በበጋ ወራት ጭስ ማስገባት ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ከፍተው ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቢዘጉት ይሻላል። አንድ ቤት ብቻ ሰዓቱን ቢለውጥ ለውጡ ለራሱ ለቤቱ ካልሆነ በስተቀር ብዙም አይታይም፤ በዕድር ስብሰባ ላይ ቢነሣ ግን የአንድ ተዳፋት ቤቶች ሊስማሙበት የሚችሉት ወጪ የሌለው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ ቀሃን ተከትዬ እሮጣለሁ። ከላይ የጠቀሳችሁት ዓይነት ጭስ ይጎዳኛል? ማስክ ባደርግስ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሰው ሲሮጥ በደቂቃ የሚያስገባው አየር ተቀምጦ ከሚያስገባው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በአፉም ስለሚተነፍስ የአፍንጫው ማጥለያ ይቀርበታል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ከሁለቱ አንዱን ይለውጡ፤ ወይ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ያድርሱት፣ ወይ ማለዳውን ካልለቀቁ ወንዙን ትተው ወደ ከፍታው ይሩጡ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራ ስለሚያነሣ ጥርጊያ መንገዱን ትተው አስፋልቱን ወይም ኮብልስቶኑን ይምረጡ። ማስክን በሚመለከት፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት በጎኑ ክፍት ስለሆነ ለጭስ እምብዛም አይረዳም፤ ነጠላ አፍ ላይ መያዝም የሚያስቀረው ትልልቁን አቧራ ብቻ ነው። ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ በትክክል ከገጠመ ከጥቃቅኑ ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል፤ ግን እሱን አጥልቆ መሮጥ ትንፋሽን ያስቸግራል። ሰዓቱን መለወጥ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠል ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። በሰፈራችን ከየቤቱ የተጠረገው ሁሉ ምሽት ላይ ይቃጠላል። ዘንድሮ አንድ ወጣት «ይህ ጤና ያጠፋል» ብሎ ቢናገር ሽማግሌዎች ተቆጡት። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ግን ልጁ እውነት እንዳለው ልወቅ ብዬ ነው።

መልስ፦ አባታችን፣ በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹ የሚጠብቁት ነገር ክብር የሚገባው መሆኑን እንናገር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገራችን የገባው ወረርሽኝ በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ እኛ «የኅዳር በሽታ» አልነው። በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። በዚያን ጊዜ በሽታ ከክፉ አየርና ከጥራጊ ሽታ ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር ሰፈርን ጠርጎ ማቃጠልና ማጠን ለሕዝቡ የተገኘ መከላከያ ነበር። የበሽታው ተዋሕስ በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለሆነ ጭሱ አይገድለውም፤ ጽዳቱ ግን ጥቅም ነበረው፣ ዛሬም አለው።

የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጥራጊው ዓይነት ነው። በ1911 ዓ.ም. ከአንድ የጎንደር ግቢ የሚወጣው ጥራጊ ገለባ፣ ቅጠል፣ አመድ፣ ቆዳና አጥንት ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የሽቦ ልባስ፣ ዳይፐር፣ የባትሪ ድንጋይ አብሮ አለ። ከእነዚህ መካከል ክሎሪን ያለባቸው፣ ለምሳሌ የሽቦ ልባስና አንዳንድ የቧንቧ ዓይነቶች፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠሉ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራሉ፤ እሱም ካንሰር ከማስከተሉ በላይ በአፈርና በሣር ላይ አርፎ በወተትና በሥጋ ስብ በኩል ይመለስብናል። ሁለተኛው ቀኑና ሰዓቱ ነው። ኅዳር 12 ከላይ የገለጽነው ክዳን መደፋት የሚጀምርበት ወቅት ነው፤ ምሽት ላይ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲያቃጥል ደግሞ ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ጭሱ መውጫ የሚያጣበትን መርጠን አቃጠልን ማለት ነው። በማግሥቱ ማለዳ ቀሃና አንገረብ ዳር ያደረ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል።

እንግዲህ ልጁ እውነቱን ነው፤ ልማዱ ይቅር ማለት ግን አይደለም። መጥረጉ፣ ግቢ ማጽዳቱ፣ ጎረቤት አብሮ መውጣቱ ይቀጥል። እርጥቡ ጥራጊ በጓሮ ጉድጓድ ይቀበርና ለጎመኑ ፍግ ይሁን፤ ፕላስቲኩና ብረታ ብረቱ ተለይቶ ለሚሰበስቡት ይሰጥ። የግድ ይቃጠል የሚባለው ደረቅ ቅጠልና ገለባ ካለም ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይቃጠል እንጂ ምሽት አይጠበቅ። እርስዎ በሽምግልናዎ ይህን ለሰፈሩ ቢናገሩ ከልጁ ይልቅ ይሰማሉ ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። ስለ በጋ ጭስ ሁሉም ያወራል፤ እኔን ግን የሚያስለኝ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ዝናብ አየሩን ባጠበበት ወቅት። ሐኪም ዘንድ ስሄድ «ብርድ ነው» ተባልኩ። የምጋግረውና የምሸጠው እንጀራ ነው፤ የማነደው ባሕር ዛፍና ኩበት ነው።

መልስ፦ እኅታችን፣ ደብዳቤዎ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ነክቷል። ዝናብ የውጭውን አየር ያጥባል፤ ጠብታው ሲወርድ ብናኙን ይዞት ይወርዳል፤ አቧራውም ጭቃ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ከደጅ ያለው አየር ከዓመቱ ሁሉ የጠራ ነው። ከዚያው ጋር ግን ሦስት ነገሮች ወደ ማድ ቤት ይገባሉ፤ በጋ ላይ ደጅ ታነድ የነበረች ሴት ዝናቡን ሸሽታ ቤት ውስጥ ታነዳለች፣ በሩና መስኮቱ ብርድ እንዳይገባ ይዘጋል፣ ማገዶው ይረጥባል። የሐምሌ ሰማይ ጥራት የሐምሌ ማድ ቤትን ጭስ ይሸፍንብናል።

ከሦስቱ የማገዶው እርጥበት ላይ ትንሽ እንቆይ። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ ማፍላት ስላለበት ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይቃጠል በጭስ መልክ ያመልጣል። ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ማገዶ ነው፤ ዓይንዎን የሚያስለቅሰው የከፈሉበት ብር ነው ማለት ይቻላል። ኩበት ደግሞ ደረቅ ሆኖም ቢሆን ከእንጨት የበለጠ ይጨሳል። የክረምቱ ማገዶ በሚያዝያ ተገዝቶ፣ በቀጭኑ ተፈልጦ፣ ጣሪያ ሥር ነፋስ እንዲገባበት ተደርጎ ቢደረደር በሐምሌ የሚያስለቅሰው ጭስ በእጅጉ ይቀንሳል። እርጥብ እንጨት አልያያዝ ሲል ፌስታል ወይም አሮጌ ጫማ መለኮስ የብዙ ማድ ቤት ልማድ ነው፤ እባክዎ ይህን ይተዉ፤ ከእንጨቱ ጭስ ላይ የፕላስቲኩን መርዝ መጨመር ነው። ደረቅ ጭራሮ ለዚሁ ለብቻው ይቀመጥ።

ምድጃውን በሚመለከት፣ ከሦስት ጉልቻ «ምርጥ» ወደሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ መሸጋገር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ እንጀራ ለሚሸጥ ሰው ይህ ብቻውን ዋጋውን በአጭር ጊዜ ይመልሳል። ነገር ግን «ማገዶ ቆጣቢ» ማለት «ጭስ አልባ» ማለት አይደለም። ጉልቻ ላይ ሲነድ በማድ ቤት ውስጥ ያለው ጥቃቅን ብናኝ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ ማይክሮግራም በላይ ይደርሳል፤ ግማሹ ቢቀንስ እንኳ ከላይ ከጠቀስነው ልክ በብዙ ይርቃል። ስለዚህ ከምድጃው ጋር የጭስ መውጫ ያስፈልጋል። ጭስ ማውጫ ቱቦ ማሠራት የማይቻል ከሆነ ከግድግዳው ግርጌ አጠገብ አንድ ቀዳዳ፣ ከእሱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ጣሪያው ሥር ሌላ ሰፊ ቀዳዳ ይከፈት፤ ቀዝቃዛው አየር በታችኛው ሲገባ ሞቃቱን ጭስ በላይኛው ይገፋዋል። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ይህን አይሠራም፤ ጭሱ በጣሪያው ሥር ተንሳፍፎ ይቀራልና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ መስመሩ የሚችል ከሆነና መብራት ባለበት ሰዓት መጋገር ከቻሉ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ «ብርድ ነው» በሚለው አይርኩ፤ ተመልሰው ይሂዱና በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት ጭስ ውስጥ እንደሠሩ ለሐኪሙ ይንገሩት። ሲጋራ ያላጨሰች ሴትም በማድ ቤት ጭስ ብቻ ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ሊይዛት ይችላል፤ ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አብሮ ይደረግ። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ሲጋግሩ ጀርባዎ ላይ አይዘሉት፤ የማድ ቤት ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች የመያዝን ዕድል እጥፍ ያህል ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ በታኅሣሥ ትወልዳለች። አራስ ቤቱን በከሰል ልናሞቅላት አስበናል። ከሰሉ ውጭ ነድዶ፣ ጭሱ ወጥቶለት፣ አመድ ሲለብስ ነው የምናስገባው። ይህ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ሊገድልም ይችላል። እኔም ያደግሁት «አመድ የለበሰ ከሰል ደኅና ነው» እየተባለ ነው፤ እናቴ በማንደጃው ላይ ጎንበስ ብላ ነጭ መሆኑን አረጋግጣ ነበር የምታስገባው። እንግዳ ባለበት፣ በሩ ክፍት በሆነበት ቡና ላይ ምንም ሳይሆን ይታለፋል፤ በተዘጋ አራስ ቤት ግን አይታለፍም። የወጣለት የሚታየው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ አመድ ከለበሰውም ፍም እስኪጠፋ ድረስ ይወጣል፤ እንዲያውም አየር ባነሰው ፍም ላይ ይብሳል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ክፍል ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ በበለጠ ኃይል ይጣበቃል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። እንቅልፍ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ያልፋል።

ለአራሷና ለሕፃኑ ሙቀት የሚሆን ሌላ መንገድ አለ። ሕፃኑን ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አድርጎ ሁለቱን በአንድ ብርድ ልብስ መሸፈን ከማንኛውም ማንደጃ ይበልጣል፤ ኮፍያና ካልሲ ይደረግለት፤ ሙቅ ውኃ በተከደነ ጠርሙስ ሆኖ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገባቸው ይቀመጥ እንጂ ገላቸውን አይንካ። ጠያቂ ሲመጣ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፤ እጣኑም አራስ ቤት አይግባ፤ እጣንም ጭስ ነውና። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ከሰል ባለበት በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማቸው ወዲያውኑ ወደ ደጅ ይውጡ፤ ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ ሳይፈስበት ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለ መተግበሪያ የጎንደርን አየር «ጥሩ» ይለዋል፤ እኔ ግን በዚያው ሰዓት ጭስ ውስጥ ቆሜያለሁ። ማንን ልመን?

መልስ፦ አፍንጫዎን። ብዙ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት ቁጥር በቦታው የተለካ ሳይሆን ከሳተላይትና ከአየር ትንበያ ስሌት የተገኘ ግምት ነው። ዓለም አቀፉ ስሌት መሬትን በትልልቅ አራት ማዕዘን ይከፍላል፤ የአንዱ ጎን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ አራት ማዕዘን ውስጥ ፒያሳም፣ ቀሃም፣ አዘዞም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እርሻም አንድ ቁጥር ነው የሚሰጣቸው፤ ጥቂት መቶ ሜትር ስፋት ያለው ሸለቆ አይታየውም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ከሱዳን በኩል የመጣ አቧራ ወይም ሰፊ ጭጋግ አገሩን ሲሸፍን ነው። ሌላው ጥሩ ምልክት የሩቁ ተራራ ነው፤ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ የሚያዩት ኮረብታ ያለ ዝናብና ያለ ጉም ከደበዘዘ አየሩ ተበላሽቷል።

ጥያቄ፦ ተዳፋት ላይ ነው የምንኖረው። ከቤታችን በታች በእንጨት የሚሠራ ዳቦ መጋገሪያ ተከፍቷል። የጭስ ማውጫው አናት ከእኛ መስኮት ጋር እኩል ነው። ባለቤቱን ብናነጋግረው «ጭስ ማውጫ አለኝ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» አለን። ከኛ በታች ያሉት ደግሞ «ሌሊት እኛ ላይ ነው» ይላሉ። እንዴት አንድ ጭስ ሁለት ቦታ ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል፤ በሰዓቱ ነው የሚለያየው። ቀን ተዳፋቱ በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣልና ጭሱ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ሌሊት አየሩ ቀዝቅዞ ቁልቁል ሲወርድ ይዞት ወደ ታችኞቹ ይሄዳል። ሜዳ ላይ የሚበቃ የጭስ ማውጫ ቁመት ተዳፋት ላይ አይበቃም፤ ቁመቱ መለካት ያለበት ከራሱ ጣሪያ ሳይሆን ከላይኛው ጎረቤት ጣሪያ ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ የምትጠይቁት ነገር የተወሰነ ይሁን፤ ቱቦው ከእናንተ ጣሪያ በላይ ይዘልቅ፣ ደረቅና የተፈለጠ እንጨት ይንደድ፣ ምድጃው በየጊዜው ከጥቀርሻ ይጠረግ፣ የማታው ሊጥ ማለዳ የሚጋገር ከሆነም ዋናው እሳት እስከ ረፋድ ሊዘገይ ይችል እንደሆነ ይታይ። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ዳቦ የሚፈለገው ማለዳ ነውና።

ካልተስማማችሁ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው በጉዳዩ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከላይ ያላችሁትም ከታች ያሉትም በአንድ ማመልከቻ ልትፈርሙ ትችላላችሁ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር፤ ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከማመልከቻው ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ጭሱ በየትኛው ሰዓት ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄድ የተመዘገበበት ወረቀት ብታያይዙ፣ አንዱ ገጽ በእናንተ፣ ሌላው ገጽ በታችኞቹ ተሞልቶ፣ መርማሪው ለመምጣት የሚመርጠውን ሰዓት ያውቃል፤ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ «የታችኞቹ ቤት ምንም የለም» ብሎ እንዳይመለስ።